ጫማ ሠሪው ቀኝና ግራውን ያውቅ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «የጫማ ነገር ያንተ ጉዳይ ነው፣ አንብበው» አለኝ። ጽሑፉ አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን ጫማ ሠሪዎች ምን ይሠሩ እንደነበር፣ በምን መሣሪያ ይሠሩ እንደነበር የሚተርክ ነው። ደስ ብሎኝ ጀመርኩት። እንዲህ ያለ ርዕስ በአማርኛ በየቀኑ አይገኝም። ግማሹ ላይ ስደርስ ቡናዬን ረስቼው ቀዝቅዟል። ስጨርስ እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሣሁ።

ጸሐፊው ያሉት በአጭሩ ይህ ነው። የቅኝ ግዛቱ ጫማ ሠሪ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ አሮጌ ጫማ የሚጠግን ምስኪን ነበር። እንደ እኛ አገር ፋቂ የተገለለ ነበር። መሣሪያው መዶሻ፣ ወስፌና ቢላ ብቻ ስለሆነ ሥራውን ማንም በአንድ ወር ይለምደዋል። ሶሉን በእንጨት ችንካር እየመታ ያያይዘዋል እንጂ አይሰፋውም። ቀኝ እግር ከግራ እንደሚለይ እንኳ አያውቅም። እንግሊዝ ጫማ መሥራትን በሕግ ስለከለከለች ሰፋሪው ሁሉ ተደብቆ የራሱን ጫማ ይሠራ ነበር። ጫማ ሠሪው ብቻውን ይሠራል፣ ለፖለቲካም ደንታ የለውም። በመጨረሻ ማሽን መጣና ገላገለው።

ግማሽ እውነት ያለባቸው አሉ። ሙሉ እውነት የሆነ ግን አንድም አላገኘሁም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አጎቴ መርካቶ ውስጥ ጫማ ይሠራ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እሱ ጋ ማስቲሽ እየቀባሁ ነው ያደግኩት። አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከቤቴ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዱ ዊልያምስበርግ ይደረሳል። በ18ኛው መቶ ዘመን የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የድሮው ሰፈሯ ራሱ ሙዚየም ነው። እዚያ አንድ የጫማ ሠሪ ቤት አለ፤ ባለሙያዎቹ በድሮው መሣሪያ፣ በድሮው አሠራር ጫማ ይሠራሉ። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ልጆቼ መድፉን ሲያዩ እኔን የሚያገኙኝ ጫማ ሠሪው ቤት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በስሙ ልጀምር። ጸሐፊው «ጫማ ሠሪ» እና «ጫማ ጠጋኝ» የሚሉትን እየቀያየሩ ይጠቀማሉ። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። አዲስ ጫማ የሚሠራው ኮርድዌይነር ይባላል። ስሙ የመጣው በጥሩ ቆዳዋ ከታወቀችው ከስፔኗ ከኮርዶባ ነው። አሮጌ የሚጠግነው ደግሞ ኮብለር ነው። ኮርድዌይነሩን ኮብለር ብትለው ይቀየምሃል። ልብስ ሰፊን «ቁልፍ ተካይ» እንደማለት ነው። እርግጥ በትንንሽ የቅኝ ግዛት ከተሞች ልዩነቱ ላላ ያለ ነበር። አንዱ ሰው ሁለቱንም ይሠራል፤ ሆድ እንዲህ ያለውን ድንበር አያውቅም።

ዟሪ ጫማ ሠሪ ነበር መባሉም ልክ ነው፤ የዞረበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ገበሬው ከብቱን ሲያርድ ቆዳውን ለአልፊ ይሰጣል። ቆዳው በኖራ ተነክሮ ጸጉሩ ይወልቃል፣ ከዚያ በተፈጨ የዛፍ ቅርፊት መካከል ተደርድሮ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ለሶል የሚሆነው ወፍራም ቆዳ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሲደርስ ገበሬው ይወስደውና ዟሪውን ይጠብቃል። ዟሪው መሣሪያውን ተሸክሞ ይመጣል፣ እዚያው እየበላ እዚያው እያደረ የቤተሰቡን ሁሉ ጫማ ሠርቶ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። ይህን ዙረት በራሳቸው አነጋገር «ድመት መግረፍ» ይሉት ነበር። የተጎዳ ድመት የለም። ሰውየው ግን አዲስ ጫማ እየሠራ ነው የሚዞረው፤ ጥገናው ትርፍ ሥራው ነው።

«እንደ ፋቂ የተገለለ» የሚለው ከሁሉ ይልቅ ቅር ያሰኘኝ ነው። የእኛን ቁስል ወስዶ እነሱ ላይ መለጠፍ ነው። እኛ አገር ፋቂው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በዘር ተለይቶ፣ «ቡዳ» እየተባለ፣ ጋብቻ ተከልክሎ የኖረበት ታሪክ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን አትስደቡ የሚል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አሜሪካ ውስጥ የነበረው እንዲህ አይደለም። ነጩ ጫማ ሠሪ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይቀመጣል፣ ከጎረቤቱ ልጅ ያገባል። ቆዳ ማልፋትና ጫማ መሥራትም አንድ ሙያ አልነበሩም። በሰሜን ያለችው የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት በ1642 ባወጣችው ሕግ ሥጋ ሻጭም ሆነ ጫማ ሠሪ ቆዳ አልፊ መሆን አይችልም ነበር። በቆዳው ጥራት ላይ ማጭበርበር እንዳይኖር ነው። ድሃ ነበር ወይ ካሉ፣ አዎ፣ ቦስተን ውስጥ ጫማ ሠሪዎች ከባለእጅ ሁሉ ድሃ ከሚባሉት ነበሩ። ድህነትና መገለል ግን ለየቅል ናቸው። (ነጩ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጥቁሩ ጫማ ሠሪ ጋ እመለሳለሁ።)

አሁን ወደ መሣሪያው። ጸሐፊው «ሦስት መሣሪያ ብቻ ስለነበረው ሥራው ቀላል ነበር» ይላሉ። እስክሪብቶ ያስነሣኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሲጀመር ሦስት አይደለም። ዊልያምስበርግ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለሙያው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ የእግር ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች፣ መርካቶ ፎርማ የምንላቸው፣ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። ቆዳ የሚወጥርበት ጉጠት አለ። ታኮ የሚያስተካክልበት ሞረድ አለ። የሶሉን ጠርዝ የሚያሽበት ጠንካራ እንጨትና አጥንት አለ። የተሰበረ ብርጭቆ እንኳ ሥራ አለው፤ ሶል ይፋቅበታል። ወስፌው ደግሞ አንድ አይደለም። ለላይኛው ቆዳ ሌላ፣ ለሶል ሌላ፣ ለታኮ ሌላ ነው።

እግር የሚለካበት መሣሪያም አለ። አንዱ ጫፍ የማይንቀሳቀስ፣ ሌላው የሚንሸራተት የእንጨት መለኪያ ነው። እንግሊዞቹ ቁጥሩን የሚቆጥሩት በገብስ ፍሬ ርዝመት ነበር። የኢንች አንድ ሦስተኛ፣ ወደ 8.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ 8 ቁጥር ወይም 9 ቁጥር ጫማ ስንገዛ ያንን የገብስ ፍሬ ነው የምንቆጥረው። አዲስ አበባ 40፣ 41 እያልን ያደግንበት ቁጥር የፈረንሳዮቹ ነው። የእግሩን ውፍረት ደግሞ በወረቀት ቁራጭ ይለካሉ። ወረቀቱን እግሩ ላይ ይጠመጥሙና የደረሰበትን በመቀስ ጫር ያደርጉታል። አንድ ወረቀት ለአንድ ደንበኛ። ቁጥርም ጽሕፈትም አያስፈልገውም።

ወንበሩ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሳየው ለበር መያዣ መስሎኝ ነበር። ጭን ላይ የሚቀመጥ ድንጋይ ነው። ሶል የሚሆነው ቆዳ ውሃ ውስጥ ይነከርና ድንጋዩ ላይ በሰፊ መዶሻ ይቀጠቀጣል። ቆዳው እየተጠቀጠቀ ይጠነክራል፣ ቶሎም አያልቅም። ይህን የሚተካ ማሽን፣ በሁለት ብረት መካከል ቆዳ የሚጨምቅ፣ የመጣው በ1840ዎቹ ነው።

ሌላው ጠፍር ነው። ሰውየው ጫማውን ጭኑ ላይ ያደርግና ጠፍሩን በጫማው ላይ አሳልፎ ጫፉን በእግሩ ይረግጠዋል። እግሩን ሲጫን ጫማው ንቅንቅ አይልም። እነሱ «እርካብ» ይሉታል፣ ደህና ስም ነው። ማሰሪያ ጠረጴዛ፣ ብሎን፣ መቆለፊያ ምንም የለም። ሁለቱ እጆቹ ነፃ ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቢያዩት «ቁራጭ ጠፍር» ብለው ያልፉት ነበር።

ነፃ የሆኑት ሁለት እጆች ምን እንደሚሠሩ ነው ዋናው። የወንድ ጫማ እንዴት ይሰፋ እንደነበር ልንገራችሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

የውስጥ ሶሉ ፎርማው ሥር ለጊዜው በሚስማር ይያዛል። የላይኛው ቆዳ ፎርማው ላይ ይለብሳል፣ በጉጠት እየተሳበ ይወጠራል። ከዚያ አንድ ረጅም ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ዙሪያውን ይዞራል። ወስፌው ይህን ቁራጭ፣ የላይኛውን ቆዳና የውስጥ ሶሉን ጠርዝ አንድ ላይ መብሳት አለበት። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ቀዳዳው ወደ ሶሉ ገብቶ ሳይዘልቅ በጎን መውጣት አለበት። ከዘለቀ ክሩ እግር ሥር ይመጣል፣ ባለጫማው ሲራመድ ይቆረቁረዋል። ስለዚህ ወስፌው ጎባጣ ነው፣ እንደ አዲስ ጨረቃ። ወስፌው ሲጎብጥ ቀዳዳውም ይጎብጣል። በጎባጣ ቀዳዳ ውስጥ ቀጥ ያለ የብረት መርፌ አይሄድም። የመርፌው ቆብ የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ ከበሱ ደግሞ ስፌቱ ይላላል።

ታዲያ በምን ይሰፋሉ? በአሳማ ጸጉር!

የከርከሮ ወይም የአሳማ የጀርባ ጸጉር ጠንካራ ነው፣ ግን ይታጠፋል። ክሩ ከተልባ ተክል ቃጫ የተፈተለ ነው። አዎ፣ ያቺው እኛ ለጾም የምንወቅጣት ተልባ። ብዙ ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ይገመዳል፣ ጫፉም እየሳሳ እንዲሄድ ይደረጋል። ከዚያ ከጥድ ዝፍትና ከሙጫ በተሠራ ጥቁር ሰም ይታሻል። የሳሳው ጫፍ ጸጉሩ ላይ ተጠምጥሞ ይጣበቃል። አሁን መርፌ ሆነ ማለት ነው። ያውም ቀዳዳው በዞረበት የሚዞር መርፌ።

ክሩ ሁለት ጫፍ አለው፣ ለሁለቱም ጸጉር አለው። ወስፌው ይበሳል፣ አንዱ ጸጉር ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ በዚያችው ቀዳዳ ይተላለፋሉ። ከዚያ ሰውየው ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይስባል። ስለዚህ አንዱ ስፌት ቢበጠስ የቀረው አይተረተርም። ክሩ ሲሳብ ሰሙ በሰበቃው ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የውጪው ሶል በዚያ ዙሪያ በዞረው ቁራጭ ላይ ሌላ ዙር ይሰፋል። ባለሙያው ጸጉሩን እንድሞክር ሰጠኝ። ከመርካቶ የመጣሁ ነኝ ብዬ በኩራት ተቀበልኩት። ሦስተኛው ስፌት ላይ ጸጉሩ ከክሩ ተላቀቀ። አራተኛ አልሞከርኩም።

«በአንድ ወር ይለመዳል» ለሚለው ደግሞ የዘመኑ ልማድ ራሱ መልስ ነው። ልጁ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው በውል ተለማማጅ ሆኖ ይገባል፤ የሚወጣው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። እርግጥ ሰባቱም ዓመት ወስፌ አይጨብጥም። ውሃ ይቀዳል፣ እሳት ያነዳል፣ የጌታውን ልጅ ያዝላል። ግን የተካነ ሰው እንኳ በቀን አንድ ጥንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነበር የሚጨርሰው። በክረምት ሌሊት ሲሠሩ ውሃ የሞላ የብርጭቆ ኳስ ሻማ ፊት ይሰቅሉ ነበር፤ ብርሃኑን ሰብስቦ ስፌቱ ላይ ያሳርፈዋል። ይህቺን ነገር እኔ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ባውቃት ኖሮ!

የእንጨት ችንካሩ ነገር አጭር ነው። ሶልን በእንጨት ችንካር ማያያዝ ማሳቹሴትስ ውስጥ የተስፋፋው በ1810ዎቹ ነው። አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችው በ1776 ነው። ስለዚህ በቅኝ ግዛት ዘመን ችንካሩ ታኮ ላይ ነበር እንጂ ሶል ላይ አልነበረም። ጸሐፊው ሁለት ዘመን ደባልቀዋል።

ቀኝና ግራ። ይህኛው ላይ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም። ፈረንጆቹም ራሳቸው እየሳቁ የሚያወሩት ነገር ነው። እውነታው ይህ ነው፦ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ጫማ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቀኝም ግራም የለውም። ሁለቱም ጫማ በአንድ ፎርማ ላይ ይሠራል። አንዳንዱ ሰው ታኮው በአንድ በኩል እንዳያልቅ ጫማዎቹን እያቀያየረ ያደርጋቸው ነበር። እስከዚህ እስማማለሁ።

«ስለማያውቁ ነው» ሲሉ ግን እንለያያለን። ያውቁ ነበር። ከመካከለኛው ዘመን ለንደን ከመሬት ተቆፍረው የወጡ ጫማዎች ቀኝና ግራ አላቸው። ማለትም አያቶቻቸው ለይተው ይሠሩ ነበር። ታዲያ የሚያውቁትን ለምን ተዉት? ተጠያቂው ታኮ ነው። በ1600 አካባቢ ከፍ ያለ ታኮ ፋሽን ሆነ። ታኮ ያለው ጫማ ፎርማው ጠፍጣፋ መሆኑ ይቀራል፤ ተረከዙ ከፍ፣ ወገቡ ጎበጥ፣ ጣቱ ዝቅ ይላል። ይህን ከእንጨት በቢላ መጥረብ አንድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሁን ያንኑ ቅርጽ በመስተዋት እንደሚታይ ገልብጠህ ድገመው ቢባል? በእጅ የሚጠርብ ሰው ሁለቱን እኩል ማድረግ ይቸግረዋል። ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ውፍረት፣ ሁለት ሁለት ፎርማ ማለት ወጪው እጥፍ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ፎርማ ግን ሁለቱንም እግር ይሠራል። ቆዳው ደግሞ ገር ነው፣ ትንሽ ሲለበስ የእግሩን ቅርጽ ይይዛል።

ቀኝና ግራ መልሶ የመጣው ታኮው ሲያጥር ነው፤ በ1800 አካባቢ። ከዚያ በ1819 ቶማስ ብላንቻርድ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው የጠመንጃ ሰደፍ ለመቅረጽ ሲል ቅርጽ እየተከተለ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ሠራ። በኋላ ፎርማ መሥሪያ ሆነ፤ ያንኑ ቅርጽ እየደጋገመ ማውጣት ቀላል ሆነ። እንዲያም ሆኖ ቀጥ ያለ ጫማ ብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ፣ ይረክሳልና። ሰዎቹ ሒሳብ ነው የሠሩት። መርካቶ ጫማ የሠራ ሰው ይህን ሒሳብ ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ወደ ሕጉ ልሂድ። «እንግሊዝ ቅኝ ገዢዋ ጫማ መሥራትን ከለከለች» የሚለው ከየት እንደመጣ የምገምተው ነገር አለ። እንግሊዝ በ1699 የሱፍ ምርት ላይ፣ በ1732 ባርኔጣ ላይ፣ በ1750 ብረት ላይ ገደብ የሚጥሉ ሕጎች አውጥታለች። ባርኔጣና ጫማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መደባለቅ ከባድ አይደለም። በጫማ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አልወጣም። እንዲያውም ማሳቹሴትስን የመሠረተው ኩባንያ ራሱ በ1629 ቶማስ ቤርድ የሚባል ጫማ ሠሪ ከነቆዳው በመርከብ ልኳል።

«ሁሉም የራሱን ይሠራ ነበር» የሚለውም አይሆንም። ቨርጂኒያን ልውሰድ፣ የምኖርባትን። እዚህ ሁሉ ነገር ትምባሆ ነበር። መርከቡ ትምባሆ ጭኖ ይሄዳል፣ ጫማ ጭኖ ይመለሳል። በ1660ዎቹ የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት እያንዳንዱ አውራጃ ቆዳ ማልፊያና ጫማ መሥሪያ እንዲያቋቁም አዝዞ ነበር፤ ብዙም አልሠራም። የቨርጂኒያው ሮበርት ቤቨርሊ በ1705 የአገሩን ሰው ሲወቅስ፣ ቆዳው እንዲሁ ይበሰብሳል ወይም የሚያፈስ ቤት ውስጥ ዕቃ መሸፈኛ ይሆናል፤ የሚለፋው ጥቂቱም ለአገልጋዮች ጫማ ይሆናል፣ ባለመሬቶቹ ግን ሌላ ካገኙ አይገዙትም ብሎ ጽፏል። ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ ከአብዮቱ በፊት ጫማውን የሚያዘው ለንደን ከሚገኘው ጆን ዲድስበሪ ነበር። ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ጫማ ልክ ካልሆነ ምን ይደረጋል? ለሚቀጥለው መርከብ ደብዳቤ ይጻፋል። ዱባይ ያለች እህት ጫማ ስትልክ ልክ አልሆን ብሎ ለጎረቤት የሰጠ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

የሰሜኑ ጉዳይ ሌላ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊን የምትባል ከተማ አለች። በ1750 ጆን አዳም ዳጊር የሚባል የዌልስ ሰው እዚያ መጣ። ጥሩ የአውሮፓ ጫማ ሲያገኝ ስፌት በስፌት እየፈታ አሠራሩን ያይ ነበር፤ የተማረውንም ለሌሎች አሳየ። ከዚያ በኋላ ሊን የሴት ጫማ ከተማ ሆነች። በየግቢው ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የምትሆን የእንጨት ክፍል ትሠራለች፣ እዚያ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተፋፍገው ይሰፋሉ። ወሬው፣ ክርክሩ፣ ቀልዱ እዚያ ነው።

ይህ «ብቻውን ይሠራ ነበር» ወደሚለው ይወስደኛል። ብቻውን አልነበረም። ቦስተን ውስጥ ጫማ ሠሪዎች በ1648 ማኅበር ለማቋቋም ፈቃድ አገኙ። የተሰጣቸው ለሦስት ዓመት ነው፤ መጥፎ ጫማ የሚሠሩትን እንዲቆጣጠሩ። አንድ ማስጠንቀቂያም ተጨምሮበታል፦ ተማክራችሁ ዋጋ እንዳታስወድዱ። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ፈቃዱ አልታደሰም።

ሴቶቹም አሉ። ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የሊን ጫማ ሠሪ ሚስትና ሴት ልጆች የላይኛውን ቆዳ እቤት ውስጥ መስፋት ያዙ። ልጅ በአንድ እግር እያወዘወዙ፣ ድስት እያዩ።

በደቡብ ደግሞ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል የለም። በትልልቅ እርሻዎች ላይ የጫማ ሠሪነት ሙያ የተማሩ ባሪያዎች ለመቶዎች ጫማ ይሠሩ ነበር። ጌታው ያከራያቸውም ነበር፤ ሥራው የእነሱ፣ ክፍያው የእሱ። በቨርጂኒያ ጋዜጣ ላይ የወጡትን «ባሪያ ጠፍቶብኛል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ያነበበ ሰው ይህን ያገኘዋል። ቁመቱ ይህን ያህል፣ ጠባሳው እዚህ ጋ፣ ሙያው ጫማ ሠሪ። ባለቤቱ ሙያውን የሚጠቅሰው ለማድነቅ አይደለም። የጠፋው ሰው በዚያ ሙያ የትም ሄዶ እንጀራ ሊበላ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። ቅድም በቅንፍ ያስቀመጥኩት ይህን ነው። የተገለለ ጫማ ሠሪ ለሚፈልግ፣ እዚህ ጋ አለ።

ስለ ፖለቲካ ደንታ የለውም የሚለውን በሦስት ሰው ልጨርሰው። በነሐሴ 1765 በቴምብር ቀረጥ ላይ የተነሣውን የቦስተን ረብሻ የመራው ኤቤኔዘር ማኪንቶሽ ጫማ ሠሪ ነበር። ሮጀር ሸርማን ጫማ መሥራት ከአባቱ ተምሮ ጀመረ፤ ኋላ ጠበቃ ሆነ፣ የነፃነት አዋጁንም ሕገ መንግሥቱንም ፈረመ። ሦስተኛው ጆርጅ ሮበርት ትዌልቭስ ሂውዝ ነው፣ የምወደው። ቁመቱ አጭር ስለነበር የእንግሊዝ ጦር አልቀበልም አለው። በተለማማጅነቱ የባለጸጋውን የጆን ሃንኮክን ጫማ ቢጠግን ሰውየው ለአዲስ ዓመት ቤቱ ጋበዘው፣ እየተንቀጠቀጠ ሄደ። በ1770 የእንግሊዝ ወታደሮች ቦስተን ውስጥ ሕዝብ ላይ ሲተኩሱ እዚያ ነበር። በዚያው ዓመት ለልብስ ሰፊ በነበረበት ዕዳ ታሰረ። በ1773 የሻይ ቀረጥን የተቃወሙ ሰዎች ሻዩን ቦስተን ወደብ ውስጥ ሲደፉ እሱም መርከቡ ላይ ነበር። የኖረው እስከ 1840 ነው።

ቀረን ማሽኑ። «ገላገለው» የሚለው ቃል አልተዋጠልኝም። ሶል የሚሰፋውን ማሽን ላይማን ብሌክ በ1858 አስመዘገበ። በየካቲት 1860 የሊን ጫማ ሠሪዎች በደሞዝ ምክንያት በሺዎች ሆነው ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። የተገላገለ ሰው እንዲህ አያደርግም። ለማሽን እጅ ሳይሰጥ የቆየው ደግሞ ቆዳውን ፎርማው ላይ መወጠር ነው፤ ያቺ የጉጠት ሥራ። እሷንም በ1883 ያሸነፋት ከሱሪናም የመጣው ጥቁር የሊን ሠራተኛ ያን ማትዘሊገር ነው። የእጅ ባለሙያ በቀን 50 ጥንድ ገደማ ሲወጥር ማሽኑ በመቶዎች ያወጣ ነበር። ማትዘሊገር ግን በ36 ዓመቱ ሞተ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከጽሑፉ ጋር አንድ ፎቶ ወጥቷል። ሽርጥ የታጠቀ ሰው በእግር የሚረገጥ የብረት ስፌት ማሽን ላይ አጎንብሷል። ሥሩ «የቅኝ ግዛት ዘመን ጫማ ሠሪ በሥራ ላይ» ይላል። ማሽኑ ከ1850 በኋላ የመጣ ነው፤ ከፎቶው ላይ ቆርጠው ሊያወጡት ይችሉ ይሆናል። ፎቶግራፍ ራሱ ግን ለሕዝብ የቀረበው በ1839 ነው። ካሜራውን የት ሊያደርጉት ነው?